ሽታዬን የሚያውቅ ሰው

ሽታዬ መሞቷን የሰማሁት ዳቦ ወረፋ ላይ ነው። በምኖርበት ሰፈር በጀሪፍ ከጦርነቱ ወዲህ መጀመሪያ የተከፈተው ዳቦ ቤት እሱ ስለሆነ ሰልፉ ጠዋት ጠዋት እስከ መስጊዱ አጥር ይደርሳል። ከፊቴ የቆመችው ራቢያ ነበረች፤ የወሎ ልጅ፣ እንደኔ የሰው ቤት ሠራተኛ። ዞር ብላ አየችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ሰዓዳ፣ ያቺ የሳጃናዋ ሽታዬ ወዳጅሽ አልነበረችም?» አለችኝ።

«ናት እንጂ። ከተኩሱ ሸሽታ ገዳሪፍ ገብታለች ይባላል።»

«የምን ገዳሪፍ! እዚያው ሳጃና ነው የሞተችው፣ ተኩሱ በበረታበት ጊዜ። መቃብር ድረስ መሄድ ስላልተቻለ የቀን ሥራ የሚሠሩ የኛ ልጆች ግቢው ውስጥ ቀበሯት። አሁን ደግሞ ሊያወጧት ነው።»

በጦርነቱ ጊዜ በየግቢው የተቀበረው ሰው እየተነሣ ወደ ደንበኛው መቃብር እንደሚወሰድ እኔም ሰምቻለሁ። የሽታዬ ግቢ ተራው ነገ ጠዋት ነው። የቀበሯት ልጆች ወደ ሊቢያ መንገድ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የድሮ ጎረቤቶቿም ተበትነዋል።

«ሙስሊም ትሁን ክርስቲያን የሚናገር ጠፋ» አለች ራቢያ። «የሚያውቃት ሰው ቀርቦ ስሟንና ሃይማኖቷን ካልተናገረ፣ ካልታወቁት ጋር ቁጥር ሰጥተው ይቀብሯታል አሉ። አንቺ ታውቂያለሽ አይደል?»

«ምነው አላውቅ!» ልላት አፌን ከፈትኩ። «ላስታውስና እነግርሻለሁ» ብቻ አልኳት። ስንት ጁምዓ እግሯ ሥር ተቀምጬ ለሹሩባ ጭንቅላቴን የሰጠኋት ሴት ሙስሊም ትሁን ክርስቲያን አላውቅም።

አላለቀስኩም። መንገድ ላይ ጮኾ ማልቀስ ሰው ይሰበስባል፤ ሰው ሲሰበሰብ ፖሊስ ይመጣል፤ ፖሊስ ከመጣ ደግሞ የሚጠይቀው ኢቃማ ነው። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዱን ነው። እኔ የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። ሰሞኑን ወረቀት የሌለውን ሐበሻ እየለቀሙ ወደ ድንበር ይወስዱታል የሚል ወሬ አለ፤ ከዳቦ ቤቱ በቀር የትም የማልወጣው ለዚህ ነው። ዳቦዬን ታቅፌ ቤት ገባሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ መቆለፌን ደግሞ ተመልሼ በእጄ ነክቼ አየሁ።

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ሳልደብቅ ልናገር፣ ሽታዬም ታውቀው ነበር። ነገ ሳጃና ሄዶ መንግሥት ፊት መቆም ማለት ለኔ እሳት ውስጥ መግባት ነው። ስለዚህ ያን ቀን የአሠሪዬ የማዳም ማድ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለ ሽታዬ የማውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ማውጣት ማውረድ ያዝኩ።

ሽታዬ ረጅም፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ስትስቅ የጎደለ ጥርሷን ቦታ በምላሷ የምትነካ ሴት ነበረች። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። መጀመሪያ ቀን «አንቱ» ስላት ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች። «ማንን አይተሽ ነው? እኔ ብቻዬን ነኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ አልኳት።

ሳጃና አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ሹሩባ ትሠራለች፣ መጽሐፍ ታከራያለች። መጽሐፍ ማከራየቱን ያመጣችው ከደሴ ነው፤ እዚያ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ስታከራይ ኖራለች። ሌላው ሰው መተማን ልብስና በሶ ይዞ ሲሻገር እሷ አንድ መዳበሪያ ሙሉ የአማርኛ ልብ ወለድ ተሸክማ ተሻገረች። ፈታሹ መዳበሪያውን ገልብጦ ከሥር የተደበቀ ነገር ፈለገ፤ መጽሐፍ ብቻ ሲሆንበት ተናደደና «ታዲያ ለምንድነው ያላበሽ?» አላት። ሽታዬ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ ትጨምርበታለች፤ አንዳንዴ ፈታሹ አንዱን መጽሐፍ ያስቀርባታል፣ አንዳንዴ አብሯት ቁጭ ብሎ ያነባል።

እኛ የሰው ቤት ሠራተኞች ዕረፍታችን ጁምዓ ነው። ጁምዓ ከሰዓት እሷ ዘንድ ሴት ይሞላል፤ ግማሹ ለጸጉር፣ ግማሹ ለመጽሐፍ። እኔ ለአንድ ሰው ብዬ ነበር የምሄደው፣ ለደራሲዬ። ስሙን አልጠራም። እኔ ግን «ሰውዬዬ» ነበር የምለው። መጽሐፎቹን ከአገር ቤት ጀምሬ አነባቸዋለሁ፤ በሱ ድርሰት ውስጥ ክፉ ሰው መጨረሻ ላይ ሳይጋለጥ አይቀርም፣ የጠፋ ልጅ ይገኛል፣ እናት ሳትሞት ትደርሳለች። ሲያልቁ ደግሜ እጀምራቸዋለሁ። ማዳም ስትጮኽ ውዬ፣ ጎዳና ላይ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ ስቀይር ውዬ፣ ማታ የማላውቀው ነገር ውስጥ መግባት አልፈልግም ነበር።

ሽታዬ ይህን አልወደደችውም። የራሷ ደንብ ነበራት፤ አንድ ሰው ያንኑ ደራሲ አከታትሎ መውሰድ አይችልም። ያንቺን ለመውሰድ መጀመሪያ እሷ የመረጠችልሽን፣ የማታውቂውን ሰው መጽሐፍ ታነቢያለሽ። በሚቀጥለው ጁምዓ ሹሩባ እየሠራችሽ ታሪኩን ትነግሪያታለሽ። ከዚያ በኋላ ነው ያንቺ የሚሰጥሽ።

«ይሄ ትምህርት ቤት ነው እንዴ?» ብዬ ተጣላኋት።

«አይደለም። ትምህርት ቤት ጸጉር አይሠሩም» አለችኝና ማበጠሪያዋን አነሣች።

መጀመሪያ ጊዜ ላታልላት ሞከርኩ። የአንዲት ነርስ ታሪክ ነበር የሰጠችኝ፤ ፊቱንና መጨረሻውን ብቻ አንብቤ መሀሉን ከራሴ ፈጠርኩ። ጭንቅላትሽ በሰው እጅ ውስጥ እያለ መዋሸት ግን ይከብዳል። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፣ «ነርሷ ከባሏ ቤት የወጣች ቀን ምን በላች?» አለችኝ።

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄ! ስታለቅስ ነበር።»

ቁንዳላዬን ይዛ ወደ ኋላ ሳብ አደረገችኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። «በቆሎ እሸት ነው የበላችው» አለችኝ፤ «ያውም ሳይበስል። ሂጂ አንብቢ።»

አዲስ ደራሲ የምትመዝንበት መንገድ ይኸው ነበር። አንድ የማታውቀው መጽሐፍ እጇ ሲገባ ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምርም። ቅጠሉን እየገለጠች ሰው የሚበላበትን ቦታ ትፈልጋለች። «ማስለቀስማ ሁሉም ይችላል» ትል ነበር። «ሰው ሲበላ አሳዪኝ በያት። ቁራሹን እንዴት እንደያዘው፣ ለማን እንደተወለት ካሳየችሽ ተከተያት፤ የትም ብትወስድሽ አትጣልሽም።» ሰው የማይበላበትን መጽሐፍ ደግሞ «ይሄ ደራሲ ባለጌ ነው፣ እንግዶቹን ጾማቸውን አሳደራቸው» ብላ ትወረውረዋለች።

እያማረርኩም ቢሆን አነበብኩ። አንዱን ጠላሁት። አንዱ ዓረፍተ ነገሩ ከመርዘሙ የተነሣ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል። አንዷን ግን፣ ስለ ሁለት እህትማማቾች የምትጽፈውን፣ ሳልጨርስ ማስቀመጥ አቅቶኝ የማዳም ሩዝ አርሯል። እንደዚያም ሆኖ ሽታዬ ፊት ሰውዬዬን አልክደውም ነበር።

«ያንቺስ ደራሲ ማን ነው? አንቺ ማንን ትወጃለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ገና ያላነበብኩትን» አለችኝ።

ከዚህ የተለየ መልስ አላገኘሁም። ሃይማኖቷም እንዲሁ ነበር። እኛ አገር አንድ እናት የወለደቻቸው አሊና ገብሬ ይገኛሉ፤ ማንም ሰው ማንንም አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። አንዳንዴ «ወላሂ» ትላለች፣ አንዳንዴ «በማርያም»፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ስትል ሰምቻታለሁ። ጸጉሯን እንደ ሁላችንም ትሸፍናለች። አንገቷ ላይ ማተብ አላየሁም፣ ስትሰግድም አላየሁም። ሰው የሚታወቀው በሥጋ ነው፤ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም። ሽታዬ የማንንም ሥጋ አትበላም። ለዒድም ለፋሲካም ሲቀርብላት «ጨጓራዬ አይችለውም» ብላ ሽሮውን ብቻ ታጠቅሳለች።

ከሁሉም በላይ የማልረሳት ግን ከሻ የመጣ ቀን ነው። ከሻ የሚባለው የፖሊስ አፈሳ ነው፤ መኪናው መንገዱን ዘግቶ ይቆምና ሐበሻ የተባለውን በሙሉ ወረቀት ይጠይቃሉ። ጁምዓ ከሰዓት ነበር። ግማሽ ጭንቅላቴ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኗል፤ ስለ እህትማማቾቹ እየነገርኳት ሳለ አንዲት ሴት «ከሻ! ከሻ!» እያለች በበሩ አለፈች። ክፍሉ ተናወጠ። ነጠላዋን የረሳችውም፣ ጫማዋን የረሳችውም በበሩ እየተጋፉ ወጡ። እኔም ተነሣሁ። ሽታዬ ጸጉሬን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ።

«ልቀቂኝ! ወረቀት የለኝም እኮ!»

«እኔስ አለኝ? ቁጭ በዪ። ታናሽየዋ ደብዳቤውን ቀደደችው ወይስ አልቀደደችውም?»

«ሽታዬ፣ በአላህ!»

«ንገሪኝ ነው የምልሽ።»

ቦት ጫማ ደጁ ላይ ይሰማል። ስለ ታናሽየዋ መናገር ጀመርኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የማስታውሰው የሽታዬ ጣቶች ጭንቅላቴ ላይ ሲንቀጠቀጡ ነው፤ ጉንጉኑን ሦስቴ አበላሽታ ሦስቴ ፈታችው። አንድ ፖሊስ በበሩ አንገቱን አስገባ። አንዲት ትልቅ ሴት ሌላዋን ጸጉር ስትሠራ፣ ሌላዋም ስታወራ አየ። ከዚያ ወጣ፤ መንገድ ላይ የሚሮጡት ነበሩ የሚፈልጋቸው።

ሲሄዱ ሽታዬ ማበጠሪያውን አስቀመጠችና ሁለት እጆቿን ጭኖቿ መሀል ሸጎጠች። «እኔ የምፈራውን ያህል ማንም አይፈራም፣ ሰዓድዬ» አለችኝ። «ሆዴ ውስጥ ውኃ ነው ያለው። ብቻ እጄ ሥራ ይዞ ነበር።» እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ የማትፈራ ሰው ትመስለኝ ነበር። እሷም መፍራቷን ሳውቅ የባሰ ፈራሁ።

ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት የነበረው የመጨረሻው ጁምዓ ረመዳን ውስጥ ነበር። ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ስለነበር የማንኛውን ጾም እንደጾመች መለየት አይቻልም። እለቱ ለክርስቲያኖቹ ስቅለት ነበር፤ ሽታዬ «እጄን አሞኛል» ብላ ጸጉር አልሠራችም። ስቅለትን አክብራ ይሆናል። እውነትም አሟት ይሆናል። እዚያ ማድ ቤት ቁጭ ብዬ ስቆጥር ይህንን አንዴ ለዚያ፣ አንዴ ለዚህ እያደረግኩ ዋልኩ።

ያን ጁምዓ ግን እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም። የሰውዬዬን አዲስ መጽሐፍ፣ ያላነበብኩትን፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ገለጥ አድርጌ ሳየው ሽፋኑ ላይ ስሙ አለ። ከደስታዬ ብዛት ጉንጯን ሳምኳት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ተኩስ ተጀመረ።

ማዳምና ልጆቿ በሳምንቱ መኪና አግኝተው ወጡ። «ቤቱን ጠብቂ፣ ቶሎ እንመለሳለን ኢንሻአላህ» አለችኝ። ለእኔ የሚሆን ቦታ መኪናው ውስጥ አልነበረም፤ እኔም ወረቀት የሌለኝ ሰው በየኬላው እንዴት እንደማልፍ አላውቅም። መኪናዋ ከማዕዘኑ ስትታጠፍ በሩን ዘጋሁና ደረጃው ሥር ገባሁ። ከአየር የሚጣለው ቦምብ ሲወርድ መስታወቱ ሁሉ አብሮ ይጮኻል። እዚያ ነው መጽሐፉን የከፈትኩት።

ሰውዬዬ አልነበረም። ሽፋኑ ብቻ ነው የሱ። ሽታዬ እኔ ያላየሁትን የሱን የተቀዳደደ መጽሐፍ ሽፋን ገንጥላ በሌላ መጽሐፍ ላይ በሙጫ ለጥፋዋለች። ውስጡ ስሟን ሰምቼው የማላውቅ የአንዲት ሴት ድርሰት ነበር። በዚያች ሰዓት ከወታደሮቹ ይልቅ የተናደድኩት በሽታዬ ነው ብል አልዋሸሁም። ደወልኩላት። ኔትወርኩ ገና አልጠፋም።

«አታላይ!» አልኳት።

በሷ በኩልም ተኩስ ይሰማል። ሳቀች። «በሕይወት አለሽ ማለት ነው። እና ጀመርሽው?»

«አልጀምርም!»

«ሌላ ምን ሥራ አለሽ?»

ሌላ ሥራ አልነበረኝም። የሰውዬዬ አንድ መጽሐፍ አልጋዬ ሥር ነበር፣ እሱን አወጣሁ። አልያዘኝም። በቃሌ ስለማውቀው ዓይኔ መስመሩ ላይ እየሄደ ጆሮዬ ውጭ ነው፤ እያንዳንዱን ጥይት እሰማለሁ፣ የቱ እንደቀረበ አስባለሁ። ያቺን የማላውቃትን ሴት ሳነብ ግን የሚቀጥለው መስመር ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ስለዚህ መከተል ነበረብኝ። ታሪኩ የአንድ ሚዛን ጠጋኝ ነው፤ ከገበያ ገበያ እየዞረ ሚዛን ያድሳል። ትንሽ ሴት ልጁን አንድ ገበያ ላይ ለማያውቃት ሴት አደራ ሰጥቷት ሄዷል፤ ሲመለስ ሴትየዋ ከመንደሩ ለቃለች። ልጁን ያገኛት ይሆን? አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ እያለ ጆሮዬ እንዳይሰማ አደረገችልኝ።

የታጠቁ ሰዎች ቤቱ የገቡ ቀን ጣራ ላይ ከውኃው ታንከር ኋላ ተጋድሜ ነበር። ታች ዕቃ ሲሰበር፣ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። እጄ ውስጥ መጽሐፉ አለ። ማንበቤን ማንም አያምነኝም፤ አነበብኩ። ሚዛን ጠጋኙ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ የተቆላ ባቄላ ይቆረጥማል፣ ለልጁ ብሎ ግማሹን ኪሱ ውስጥ ይመልሳል። ፀሐይዋ ጀርባዬን እየጠበሰችኝ እዚያ ባቄላ ላይ ሙጭጭ አልኩ። ቴሌቪዥኑንና ፍራሹን ጭነው ሄዱ።

ሽታዬ መስመር ባገኘች ቁጥር ትደውላለች። ደህንነቴን አትጠይቅም። «ዛሬ የት ደረሰ?» ትላለች፣ እነግራታለሁ። ባቄላውን ስነግራት «ይቺ ደራሲ አትጥልሽም» አለችኝ። መጽሐፉን እሷ ራሷ አላነበበችውም ነበር፤ ባቄላው ያለበትን ገጽ ብቻ አይታ ነው የሰጠችኝ። «ልጅቱን አገኛት?» አለችኝ በመጨረሻ የደወለች ቀን። ድምጿ ቀጥኗል፣ ትንሽ ትኩሳት ይዞኛል ብላለች።

«ገና ነኝ።»

«ቶሎ በያ፣ ሰዓድዬ።»

አገኛት። ሚዛን ጠጋኙ ልጁን ማግኘቱን ልነግራት ስደውል ስልኳ ዝግ ነበር። ከዚያ ኔትወርኩም ጠፋ፣ ወራትም አለፉ፣ ሰዎች ገዳሪፍ ናት አሉኝ፤ እኔም እሱን አምኜ ተቀመጥኩ።

ያን ቀን ማድ ቤት ውስጥ እስኪመሽ ስቆጥር ውዬ ለማንኛውም የሚሆን ማስረጃ አላገኘሁም። ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚያስቃት፣ የትኛው ደራሲ ላይ እንደምትሳደብ፣ ጣቷ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የሚጠይቁኝ ግን ይህን አይደለም። እንደማልሄድ ወስኜ ተኛሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሽታዬ በቁጥር ስትቀበር እያሰብኩ ሳይነጋ ተነሥቼ ሻሼን አሰርኩ።

ጠዋት ሪክሻ የሚሉትን ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ሐበሻ መሆኔን እንዳያውቅ ከ«ሳጃና» በቀር አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በየኬላው ራሴን ደፍቼ ዱዓ አደረግኩ።

ግቢውን ባየሁት ጊዜ አላወቅሁትም። ግድግዳው ተቦድሷል፣ የሽታዬ ክፍል በር የለውም። ነጭ ልብስና ጓንት ያደረጉ ሰዎች አካፋ ይዘው ቆመዋል። ጥላ ሥር አንድ የመንግሥት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ሁለት ፖሊሶች። ደጃፉ ላይ ቆምኩ። መመለስ እችል ነበር፤ ሪክሻው ገና አልሄደም።

«አንቺ ሐበሺያ፣ ምን ፈለግሽ?» አለኝ ሰውዬው።

«እዚህ የተቀበረችውን ሴት አውቃታለሁ» አልኩት በዐረብኛ። ድምፄ የኔ አይመስልም። «ስሟ ሽታዬ ነው።»

«ምንሽ ናት?»

«እህቴ ናት።»

ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ ቤቴ ሆኜ ያላሰብኩት ቃል ነው። ሰውዬው ቀና ብሎ ሻሼን አየ፣ ፊቴን አየ።

«ሙስሊማ ናት ወይስ መሲሒያ?»

«እኔ ሙስሊም ነኝ። እሷ እህቴ ናት» አልኩት። ተሳስቼ ይሆናል። ካልታወቁት ጋር ከምትቀበር፣ እኔ ብሞት የምቀበርበት ትቀበር ብዬ ነው።

ጻፈ። ለቆፋሪዎቹ በእጁ ምልክት ሰጣቸው፤ የመጀመሪያው አካፋ አፈሩ ውስጥ ሲገባ ሰማሁ። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘ እንደገና ወደኔ ዞረ።

«ኢቃማሽን አምጪ» አለኝ።

አንደኛው ፖሊስ ከሰውዬው አጠገብ ተነሥቶ ቀረበ። በሩ ክፍት ነው፣ ውጭ የሪክሻው ሞተር ይሰማኛል። ስንት ዓመት ከዚህ ጥያቄ ስሸሽ ኖሬያለሁ።

«የለኝም» አልኩት።

ሰውዬው ፖሊሱን አየው፤ ፖሊሱ እዚያው ቁጭ ብዬ እንድጠብቅ መሬቱን በእጁ አሳየኝ። ቁጭ አልኩ። ሽታዬን እስኪያወጧት ድረስ ከዚያ አልተነሣሁም።